ኋላ የሚቀረው ሰው

የቴሌቪዥን ጣቢያውን አዲስ የሥርጭት መቆጣጠሪያ ማዕከል የሚሠራውን ድርጅት የሚመርጠው ኮሚቴ በር ዘግቶ የተነጋገረው ሁሉ፣ በማግስቱ ከአንዱ ተጫራች ጆሮ ይደርስ ነበር። ሰብሳቢዋ የጠረጠረችው የቴክኒክ ባለሙያውን ይርዳውን ነው። ብዙ አይናገርም፤ ስብሰባ ባበቃ ቁጥርም ከክፍሉ የመጨረሻው ወጪ እሱ ነው።

ዛሬ ጠዋት በሁሉም ፊት ከኮሚቴው አስወጣችው።

«ይህን ያህል ዘመን አብረን ሠርተን፣ ወይዘሮ አመለወርቅ?» አላት።

«ታዲያ ግድግዳው ነው የነገራቸው?» አለችና ብድግ አለች። የዚያ ተጫራች የሠርቶ ማሳያ ቀን ስለነበር ቀሪዎቹን አስከትላ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ቢሮው ተሻገረች።

የድርጅቱ መሐንዲስ ስክሪን በሞላው ግድግዳ ፊት አስቀመጣቸው። «እዚህ ቁጭ ብላችሁ የትም ያለውን ካሜራ ታያላችሁ» እያለ ቁልፎቹን ተራ በተራ ይነካ ጀመር። አደባባይ ታየ፤ ስቱዲዮ ታየ፤ ቀጥሎ ከጣሪያ ቁልቁል የእነሱው የስብሰባ ክፍል ታየ።

መሐንዲሱ ደንግጦ ማጥፊያውን ሲፈልግ፣ ስክሪኑ ላይ ይርዳው ብቻውን ወረቀቶቹን ይሰበስባል። ሰብሳቢዋ ረስታው የወጣችው ሹራብ ወለሉ ላይ ወድቋል። አነሣው፤ አቧራውን አራገፈ፤ በጥንቃቄ አጥፎም ወንበሯ ላይ አኖረላት።