ቢጫ ሹራብ የለበሱ እህታችን

የመናኸሪያውን አስተዋዋቂ ሠራተኛው ሁሉ «ሸክላ» ይላታል። የአውቶቡስ መነሻ፣ የጠፋ ሻንጣ፣ የጠፋ ሰው፤ ቀኑን ሙሉ እንደ ዘፈን ሸክላ ያንኑ ስትደጋግም ትውላለች። ቅጽል ስሙ አያስከፋትም።

የዚያን ቀን ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እሷ ግን በስስ ሸሚዝ ተቀምጣ እጆቿን ታፋትጋለች። ከበሩ ጀርባ ያለው የኮት መስቀያ ባዶ ነው።

አንድ ሰው በሩን በርግዶ ገባ። ቀኝ እጁ ላይ መሐረብ ጠምጥሟል፤ እንባውን የሚጠርገው በግራው ነው።

«እህቴ፣ በፈጠረሽ! ሚስቴ ጠፋችብኝ። ቢጫ ሹራብ ለብሳለች። ትንሽ ተጋጭተን ነው፤ እንኳን ሰው ዕቃም ይጋጫል።»

«አይዞዎት፣ ይቀመጡ» አለችውና ድምፅ ማጉያውን ከፈተች።

«ቢጫ ሹራብ የለበሱ እህታችን፣ ባለቤትዎ ማስታወቂያ ክፍል ቁጭ ብለው እየጠበቁዎት ነው።»

ጥሪውን የሰማው ዘበኛ አንገቱን በበሩ አስገባ። ወሬ ካለ እሱ አይጠፋም።

«የቀዩን አውቶቡስ ሹፌር ነው መያዝ! ጠዋት ከአንዲት ሴት ጋር ሲንሾካሾክ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ።»

ባልየው ተፈናጥሮ ተነሳ። «የት ነው እሱ?»

«ኧረ ይቀመጡ!» አስተዋዋቂዋ ክንዱን ያዘችው። «መጥታ ብታጣዎትስ? ዘበኛው ሄዶ ይይልዎት።»

ዘበኛው ወደ አውቶቡሱ ሮጠ። ባልየው ተመልሶ ተቀመጠና ሆዱ ባባ። ያለ እሷ ቤቱ ኦና ነው፤ ሻይ እንኳ ማፍላት አይችልም። ላየው አንጀት ይበላል።

«ድገሚላት፤ እግርሽ ላይ ልውደቅ።»

«መጥራት እንጂ ማምጣት አልችልም፣ ወንድሜ» አለች። ቢሆንም ደገመችው። «ቢጫ ሹራብ የለበሱ እህታችን፣ ባለቤትዎ አሁንም ከዚህ ክፍል አልወጡም።»

ውጭ ጥሩንባ ተነፋ። ዘበኛው እያለከለከ ተመለሰ።

«ከጥግ እስከ ጥግ አየሁት። ቢጫ የለበሰ ዘር የለም። አውቶቡሱም አሁን ወጣ።»

«በቃ፣ ምድር ዋጠቻት» አለ ባልየው። አቀርቅሮ ወጣ። ዘበኛው ትከሻውን ደግፎ ሸኘው።

አስተዋዋቂዋ በሩን ዘጋች። ብዙም ሳይቆይ የእጅ ስልኳ ጮኸ።

«እትዬ፣ እንዳልሽኝ ስትጠሪኝ ከሽንት ቤቱ ወጥቼ ተሳፈርኩ» አለች አንዲት ሴት። «ኮትሽ ደሙን ሸፍኖልኛል።»