የላይኛው ቤት ውሃ

«ልጄን ውሃ እንዳታሳጪው። ሌላው ሁሉ ቢቀር ግድ የለኝም» ነበር ያለቻት ፐርሲዳ፣ ከዓመታት በፊት የላይኛውን ቤት ቁልፍ ለዶኪያ ስታስረክባት።

ፐርሲዳ የዶኪያ አማት ናት። ኑሮዋ ቪየና ነው። በምሥራቅ ሰርቢያ፣ በሆሞልየ መንደሮች ጉልበት ያለው ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል፤ ያገኘውን ይዞ መጥቶ ግን ቤት የሚሠራው እዚሁ ነው። የላይኛውም ቤት እንዲሁ በቪየና ገንዘብ የተሠራ ነው። ትንሽ ነው እንጂ የሚጎድለው ነገር የለም። ፍሪጅ አለው፤ ተነጥፎ የማይጨማደድ አልጋ አለው፤ በሩ ሥር የዶኪያ ባል የኒኮዲዬ የቤት ጫማ ተደርድሯል። በዙሪያው ያሉት ቤቶችም መጋረጃቸው እንደተዘጋ ነው፤ ጭስ አይወጣቸውም።

ዶኪያና ትንሿ ልጇ ያኒካ የሚኖሩት ታች፣ በአሮጌው ጭቃ ቤት ነው።

የላይኛው ቤት ሰው ስለማያድርበት፣ የውሃው ቱቦ በብርድ እንዳይፈነዳ መጠበቅ የዶኪያ ሥራ ነው። ቱቦውን በገለባና በጆንያ ጠቅልላዋለች። ሙቀት እንዲገባበት የዕቃ ማጠቢያውን የታች በር ከፍታ ትተዋለች። ቧንቧውን ደግሞ ጨርሳ አትዘጋውም፤ ውሃው እንደ ክር ቀጥኖ ይወርዳል። የኤሌክትሪክ ማሞቂያው የመጨረሻው ትንሽ ምልክት ላይ ነው።

«ከዚያ እንዳታሳልፊው» ትላለች ፐርሲዳ በስልክ። «ለሰው አይደለም፣ ለቱቦው ነው።»

የዚያን ዕለት ጠዋትም ደወለች።

«ነገ ሁላችንም እንመጣለን። የዓመቱ ማዕድ እዚያው ቤት ይዘረጋል። ውሃው ቆሞ ካገኘሁት ቁልፉን እቀበልሻለሁ። ነግሬሻለሁ!»

ዶኪያ ቁልፉን ኪሷ ውስጥ ዳበሰችው። ቁልፉ ከእጇ ከወጣ ኒኮዲዬን የምታገኝበት ሌላ በር የላትም።

ከሰዓት በኋላ በረዶ የከበደው ሽቦ ተበጠሰና የመንደሩ መብራት ድርግም አለ። ዶኪያ ሻይ የያዘውን ፔርሙስ አንጠለጠለች፤ ያኒካን በፎጣ ጠቅልላ አዘለችና ዳገቱን ያዘች። ጎረቤቷ ስታና ከአጥሩ ብቅ አለች።

«በዚህ ብርድ ወዴት ነው? ልጅቷ እንደ አሮጌ ትራክተር እየሳለች!»

«መብራቱ ጠፋ እኮ እትዬ ስታና። ቱቦው በረዶ ይሆንብኛል።»

«ይሁና! አንቺ ልጅሽን በጭስ አፍነሽ እዚያ ላይ ባዶ ቤት ታሞቂያለሽ። እሱ እንደሆነ አይበርደው!» አለችና ስታና ወዲያው አማተበች።

«እሱን እንኳ ይተዉት» አለች ዶኪያ፣ ሳትቆም።

ስትደርስ ቧንቧው ቆሟል። ገለባውን ፈትታ ቱቦውን በመዳፏ ዳበሰችው። ማጠፊያው ላይ እንደ ድንጋይ ደርቋል። ሻማ በዚያ ቤት ሞልቷል፤ አንድ እፍኝ አንስታ ለኮሰችና ከሥሩ ደረደረች። የሻማው ወላፈን አልበቃም። ትንፋሿን ጨመረችበት።

«እማዬ፣ አባባ ምን ሊጠጣ ነው?» አለች ያኒካ።

«ይመጣል ውሃው።»

«የኔ ሻይስ?»

ዶኪያ ፔርሙሱን አየች። ለሳሏ ብላ ያፈላችላት ነው፤ ለማግስቱ ማዕድ ካስቀመጠችው በቀር ታች ማገዶ አልቀረም። ክዳኑን ከፈተች።

«አንድ ጉንጭ ጠጪ። የቀረው ለአባባ ነው።»

«ሁሉ ነገር ለአባባ!» አለች ያኒካ አኩርፋ። ቢሆንም አንድ ጉንጭ ብቻ ጠጥታ መለሰችላት።

ዶኪያ ሻሿን ከራሷ ፈትታ ማጠፊያው ላይ ጠመጠመች፤ ትኩሱን ሻይ ቀስ እያለች አፈሰሰችበት። ምንም የለም። ልጅቷ ሳለች። ዶኪያ ግንባሯን ቱቦው ላይ ደገፍ አድርጋ፣ «ኒኮዲዬ፣ እባክህ» አለች፣ ማንም በማይሰማው ድምፅ።

ፔርሙሱ ባዶ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ቧንቧው አጉረመረመ። ዝገት ተፋ። ከዚያ ያ ቀጭን ክር ተመልሶ ወረደ።

ያኒካ አጨበጨበች። ዶኪያ ብርጭቆውን አጥባ፣ ሞልታ፣ በጉልበቷ ተንበረከከችና ከጠረጴዛው ሥር ያለውን ምንጣፍ ገለጠች።

ውሃውን ቤቱ በላዩ በተሠራበት በባሏ መቃብር ድንጋይ ላይ፣ ስሙ ከተቀረጸበት ጎን፣ አስቀመጠችለት።