ሻንጣ የሌላቸው መንገደኞች

ባቡር ጣቢያው ከከተማው ውጪ ስለሆነ የወረደ ሁሉ ባጃጅ ይይዛል። ሹፌሩም የሰውን ጉዳይ ከያዘው ዕቃ ለይቶ ያውቃል። የዛሬዎቹ ነጠላ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ሻንጣ የላቸውም። መርዶ ነጋሪዎች። እንዲህ ዓይነቶቹን ስንቴ አመላልሷል! ለማን እንደሚያረዱ መገመት እንኳ ከተወ ቆይቷል። ሙዚቃውን ዘጋ።

"ወፍጮ ቤቱ ጋ አድርሰን፣ ልጄ።"

ቀስ ብሎ ነዳ። መንገድ ላይ አንደኛው ሽማግሌ ወደ ሹፌሩ ጠጋ አሉ።

"ወንድሙ ነው የሞተበት። በስልክ አይነገርም ብለን ነው የመጣነው።"

"ደግ አደረጋችሁ" አለ ሹፌሩ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል።

ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ሽማግሌው የተነገራቸውን ምልክት አስታወሱ።

"ከጀርባው ነው ብለውናል። አረንጓዴ በር፣ ደጁ ላይ ፓፓያ ያለበት።"

ሹፌሩ ምንም ሳይጠይቅ ታጠፈ። በሩ ፊት ለፊት አቁሞ ሞተሩን አጠፋ። ሽማግሌው ወርደው አንኳኩ፤ መልስ የለም። ደግመው አንኳኩ።

"አያንኳኩ አባባ፣ ሰው የለም" አለ።

የባጃጁን ቁልፍ ነቀለ። አብረውት ከታሰሩት ቁልፎች አንዱን መርጦ በሩን ከፈተላቸው።