ድምፁን ለእኛ ተወው

ኪቦርድ እየተጫወቱ ባንዱን የሚመሩት ጋሽ እንዳሻው ለአዲሱ ቤዚስት ምክር አልነፈጉትም። «ሁለት ገመድ ያዝ፤ ገመድ የሚከዳህ ምንጊዜም ሰርግ ላይ ነው። ከድራመሩ ጎን ቁምና እግሩን እያየህ ምታ። ብቻ አምፕሊፋየሩን እንዳትነካካ፤ ድምፁን ለእኛ ተወው።» ባንዱ እሱ እስኪመጣ ድረስ ለዓመታት ያለ ቤዚስት ነበር የሠራው።

የመጀመሪያ ሥራው የመልስ ድግስ ሆነና የተባለውን ሁሉ አንድም ሳያጎድል ፈጸመ። ሚስቱ ከፊት ወንበር ተቀምጣለች። ቤዝ ጊታሩን እየጠቆመች «ዛሬ ካላማረልህ ይሄ ግንድ ከሳሎኔ ይወጣል» ብላዋለች።

መጀመሪያ ላይ የድራመሩን እግር እያየ በቀስታ መታ። ጉራግኛው ሲጀመር ግን ቤዙ ድንኳኑን ያርገፈግፈው ገባ። ተሳሳትኩ ብሎ ክው ያለበት ቦታ እንኳ ልክ ሆኖ ወጣ። ሰርገኛው ወለሉን ደለቀው፤ ሚስቱም ብድግ ብላ እልል አለች። እሱ ዐይኑን ጨፍኖ፣ ከእንግዲህ ለጀማሪዎች የሚሰጠውን ምክር ያሰላስል ጀመር። ዋናው በራስ መተማመን ነው፤ ሌላው ትርፍ ነው።

ድንገት ቤዙ ጠፋ።

ዐይኑን ሲገልጥ ጣቶቹ አሁንም ክሩን እየመቱ ናቸው። ከጎኑ ጋሽ እንዳሻው ግራ እጃቸውን ከኪቦርዱ አንስተው ግንባራቸውን በመሐረብ ይጠርጋሉ። ጠርገው ሲጨርሱ እጃቸውን መለሱ። ቤዙም አብሮ ተመለሰ፤ ሚስትየውም እልልታዋን አቀለጠችው።