የጡብ ሠሪው ጋሪ

ግድቡ የአፈር ነው። ክረምት የወንዙን ሙላት ያግዳል፤ በጋ ያጠራቀመውን ሰፈሩን ያጠጣል። ሰፈሩ ከሥሩ ነው። ከሁሉ የሚቀርበው ቤት የግድቡ ጠባቂ ልጅ ቤት ሲሆን፣ እሷም ገና አራስ ናት።

ጠባቂው ጥብቅ ሰው ነው። በደንቡ መሠረት ግድቡ ላይ ከሣር በቀር ምንም አይበቅልም፤ የሰው ፍየል ጫፉን ከረገጠች ባለቤቷ አበሳውን ያያል። ለራሱ ግን ግርጌውን ቆፈር ቆፈር አድርጎ ጎመን ተክሏል። መሬቱ የተባረከ ነው መሰል፣ ጎመኑ በጋውን ሙሉ ሳይጠጣ ፋፋ።

በዚህ ክረምት ከጎመኑ አጠገብ የአካፋ ምልክትና የጋሪ ጎማ ዱካ አየ። ደሙ ፈላ። በሰፈሩ ጋሪ ያለው፣ አፈርም የሚቸግረው አንድ ሰው ብቻ ነው፦ ጡብ ሠሪው፣ የሚስቱ ወንድም።

«ግድቡን እየቦረቦረ ጡብ ሊሠራበት ነው» አላት ሚስቱን።

«ወንድሜ እንዲህ አያደርግም።»

«ማታ አድፍጬ በዓይኔ አየሁት እኮ! ሲመጣ እንዳይሰማ ቀስ እያለ ነው፤ ጎማው መሬት ውስጥ እየሰመጠ። ሲመለስ የሚያሳድዱት ይመስል ይበራል። ሌባ ካልሆነ ምን ያስሮጠዋል?»

ሚስቱን ጨነቃት። ልጇ ከግድቡ ሥር ናት፤ ወንድሟም ወንድሟ ነው። ጨነቃት።

ዝናቡ ሳያባራ ሰነበተ። ውሃው ወደ ግድቡ አፍ ተጠጋ። ጠባቂው አላስቻለውም፤ የውሃ ቢሮውን ኃላፊ ጠርቶ፣ ጡብ ሠሪው ከግድቡ ሲመለስ መንገድ ላይ ጠበቁት። ጋሪው ባዶ ነው፤ አካፋው ግን ጭቃ በጭቃ።

«አፈሩን የት አደረስከው?» አለ ኃላፊው።

ጡብ ሠሪው ኃላፊውን አየና ወደ ጠባቂው ዞረ።

«እባክህ፣ ሰው ፊት አፌን አታስከፍተኝ። ክረምቱ እስኪወጣ ብቻ ተወኝ።»

«ይስሙት፤ ጭራሽ ያስፈራራኛል!»

ጋሪው ተያዘ። ጡብ ሠሪው ወደ ጣቢያ ሲወሰድ አንዴ ዞር አለ። «እሺ፣ እኔን ተወኝ። ልጅቷን ግን ዛሬውኑ ከዚያ ቤት አውጣት።»

«በልጄም መጣ!» አለ ጠባቂው።

ሰውዬው ከዓይኑ ሲርቅ ግን እፎይ አለ። ለአራሷ ጎመን ሊቆርጥላት ወደ ግርጌው ወረደ።

ጎመኑን ገለጥ ሲያደርግ፣ ከሥሩ በሸክላ ጭቃና በስባሪ ጡብ የተጠቀጠቀ ሰፊ ቀዳዳ አለ፤ ጭቃውን እየገፋ ድፍርስ ውሃ ይወጣል።