ከረጢቱ ላይ ያለው ስም

«አቶ ቶራኪቺ አሉ?» የሚል ድምፅ ከደጅ ሲሰማ፣ የአሮጊቷ እጆች በማጠቢያው ውኃ ውስጥ እንዳሉ ቀሩ። ባሏ ከሞቱ ወዲህ ባሉት ሁለት ዓመታት፣ ያ ስም በዚህ ደጅ ተጠርቶ አያውቅም። የጠዋቱ ጉም በመስኮቱ ገብቶ ጓዳውን ሞልቶታል። ከጉሙ ውስጥ «አለሁ» የሚል ሰው ያለ መሰላት፤ ጥቂት ጠበቀች።

በር ላይ የቆመችው በቅርቡ ከኦሳካ መጥታ ሰፈሩን የተቀላቀለች ወጣት ሴት ነበረች፤ የሰፈሩን ቆሻሻ አጣጣል የምትከታተል የወሩ ተረኛ። የቆሻሻ መኪናው «አይወሰድም» የሚል ቀይ ወረቀት ለጥፎበት ትቶት የሄደውን ከረጢት አንጠልጥላለች። ከረጢቱ ውስጡን የሚያሳይ ነው፤ በላዩም እንደ ደንቡ የአባወራው ስም በወፍራም ቀለም ተጽፏል። «እማማ፣ ባለቤትዎን ይቆጡልኝ። ከሚቃጠለው ቆሻሻ ጋር ቆርቆሮ ቀላቅለዋል። የበዓሉን የወረቀት ፋኖስ የምንገዛው ቆርቆሮ ሸጠን አይደል? ከረጢቱም ቢሆን በነፃ አይሰጥም። ወንዶች ቆሻሻ ለዩ ሲባሉ ዓይናቸው ይጠፋል መሰለኝ።»

«እሳቸው ድሮም እንዲህ ናቸው» አለች አሮጊቷ፣ በሕልም እንደምትናገር ሰው። «ሲመጡ እነግራቸዋለሁ።»

ተረኛዋ ስትሄድ አሮጊቷ ከረጢቱን ፈትታ የሰርዲኑን ቆርቆሮ አወጣች። አጠበችው፣ በጨርቅ አደረቀችው። ከዚያ አዲስ ከረጢት ዘርግታ የባሏን ስም ቀስ ብላ ጻፈችበት። የሚቃጠለውን ቆሻሻ ገለበጠችበት፤ ቆርቆሮውንም መልሳ ከተተችው፤ ከውጭ በደንብ በሚታይበት በኩል።