ቁጥሩ ገጥሟል

«አራት፣ አንድ፣ ሰባት፣ ዜሮ፣ ስምንት» አለ አምሐ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ።

«ገጥሟል» አለች ዋጋነሽ። «ቀጥል።»

ኮልፌ አስራ ስምንት ማዞሪያ፣ ታክሲዎቹ ከሚዞሩበት ፊት ለፊት ካለችው ካፌ በረንዳ ላይ ናቸው። ረዳቶቹ ጦር ኃይሎች፣ ጦር ኃይሎች እያሉ ስለሚጮሁ አንዳንዱን ቁጥር ሁለቴ ይደግመዋል።

የሚያነብላት፣ መልእክት የሚላላኩበት አፕ ለሁለቱ ብቻ ያወጣውን ረጅም ቁጥር ነው። በሁለቱም ስልክ ላይ አንድ ከሆነ፣ በመካከላቸው ገብቶ የሚያነብ ሌላ ሰው የለም ማለት ነው። አምሐ ሁለት ቀን ጠፍቶ «ስልኬን ታክሲ ውስጥ ተመነተፍኩ» እያለ በአዲስ ስልክ ብቅ ሲል ቁጥሩ ተቀየረ። በቪዲዮም ደውሎላት ነበር። ፊቱም ድምፁም የእሱ ነው፤ ግን በዚህ ዘመን ፊትና ድምፅ መሥራት ለማን ይቸግራል? ሕጋቸው በአካል ተገናኝታችሁ አንብቡ ነው የሚለው።

ሕጉን ያወጣው ደግሞ ራሱ አምሐ ነው። «ሰው ማመን ቀብሮ ነው» ብሎ አስቋቸው ነበር ያኔ፤ «እኛ መቅበሩ ስለሚከብደን ቁጥር እናንብብ።»

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ርሆቦት ለምትባል ልጅ ነው። ሠራተኛ ሆና የተቀጠረችበት ቤት ጌታ ሰው ሲገድል በዓይኗ አይታለች። ሰኞ ፍርድ ቤት ቀርባ እስክትመሰክር ዋጋነሽ፣ አምሐና ጥቂት ጓደኞቻቸው ከቤት ቤት እያዘዋወሩ ይደብቋታል፤ ሰውየው ገንዘብም ሰውም አለው። አሁን ሳንሱሲ ነው ያለችው፤ አምሐ ከጠፋ በኋላ ስላዛወሯት እሱ ቤቱን አያውቀውም። ዋጋነሽ «አረጋግጫለሁ» ካለች አድራሻው ዛሬውኑ እጁ ይገባል።

የመጣው ደግሞ አምሐ ነው፤ ይኼ አያጠራጥርም። ግንባሩ ላይ ያለው ጠባሳ፣ ገና ሳይቀመጥ ወንበሩን ገፋ ገፋ የሚያደርግበት አመሉ፣ ሁሉም እሱ ነው። ስታቅፈው ከስቶባት ደነገጠች። «ጨጓራዬ ነው ባክሽ» አላት፤ አመነችው። እንዴት ደስ እንዳላት! ጠፍቶ በነበረባቸው ሁለት ቀናት ዓይኗ እንቅልፍ አላየም።

አስተናጋጇ መጣችና ንባቡን አቋረጠችባቸው።

«ምን ልታዘዝ?»

«ለኔ ሻይ» አለች ዋጋነሽ።

«ለኔ ማኪያቶ» አለ አምሐ። «ወተት በዛ ያለ።»

ዓርብ ነው። ልጅቷ እንደ ወጉ ጠየቀች፤ «የጾም ነው የፍስክ?»

«የፍስክ» አለ፣ ጎላ አድርጎ።

ዋጋነሽ ቀና አለች። እሱ ወደ ስልኩ ተመልሶ ቁጥሩን ካቆመበት ቀጠለ።

አምሐ የቄስ ልጅ ነው። አምና ጨጓራው ቆስሎ ደም ሲያስተፋው፣ ሐኪሙ ረቡዕም ዓርብም ሳትል ወተት ጠጣ ብሎት ነበር። «ሐኪሙ የሚያየው ጨጓራዬን ነው» ብሎ እምቢ አለ። ወተቱን አሙቃ አልጋው ድረስ የወሰደችለት እሷ ናት፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረባት። «አንተ ጻድቅ፣ ሞተህ ጹመው!» ብላ ጥላው ወጥታለች። ለሳምንት ተኳርፈዋል። እሱ ይህን አይረሳም፤ እሷም እንደማትረሳ ያውቃል።

ማኪያቶው መጣ። አምሐ ብርጭቆውን አነሳና፣ ከተቀመጡ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኗን እያየ ጠጣ። አረፋው ከንፈሩ ላይ ቀረ። አልጠረገውም።

ያኔ ነው ከጀርባው ያለውን ጠረጴዛ ልብ ያለችው። ጃኬት የለበሰ ሰውዬ ብቻውን ተቀምጧል፤ ያዘዘውን ሻይ አንዴም አልቀመሰውም፤ ወደ መንገዱም አያይም።

ሕጉን ሲያወጡ የፈሩት ሌላ ሰው አምሐን መስሎ እንዳይመጣ ነበር። አምሐ ራሱ፣ በገዛ ፊቱ፣ ትክክለኛውን ቁጥር ይዞ፣ ሰው ከኋላው ሆኖ እየነዳው ቢመጣ ምን እናድርግ ያለ አልነበረም። እሱም አላለም።

«ይኸው የመጨረሻው» አለ። አነበበላት። «ገጠመ?»

እጁን ይዛ ልትሮጥ አማራት። ልትጮህም አማራት፤ የሰፈሩ ሰው ጩኸት ሰምቶ ዝም አይልም። ከዚያስ? እሷን የያዙ ቀን ሳንሱሲን ያገኙታል። ፈራች፤ በመፍራቷም አፈረች።

«ገጥሟል» አለች። ድምፅዋ ደህና ወጣ።

ስልኳ ላይ ስሙን ከፈተች። ከሥሩ «አረጋግጥ» የሚል አለ፣ ዝቅ ብሎ ደግሞ «አግድ» የሚል። ጣቷ ዝቅ አለ። ለታገደ ሰው አፑ ምንም አይነግረውም፤ የሚጠብቀው መልእክት ሳይመጣ ይቀራል እንጂ።

«አድራሻውን ማታ እልክልሃለሁ» አለችው፣ ለባለጃኬቱም እንዲሰማ አድርጋ።

ማታ መጥቶ ምንም ሳይላክ ሲቀር ማንን እንደሚጠይቁ ታውቃለች። ያውቃል እሱም። ብርጭቆውን አስቀመጠና «እግዜር ይስጥልኝ፣ ዋጌ» አላት፣ ቀስ ብሎ። እንደዚያ አመስግኗት አያውቅም።

ተነስታ አቀፈችው። የምትለው ጠፍቷት «ጨጓራህን ጠብቅ» አለችው።

ወደ ሳንሱሲ መሄድ የለም፤ በተቃራኒው ዘነበወርቅ ወርዳ፣ ከዚያ በሰው ስልክ ለሌሎቹ ትነግራለች። ዞራ ላለማየት አንገቷን አደንድና ከበረንዳው ደረጃ ስትወርድ ከኋላዋ ድምፁን ሰማችው።

«እህት፣ አንድ ድገሚኝ። የፍስኩን።»